እንደ ጫት ሰዓት የሚቆጠርለት የውሃ ናሙና

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሰዓት ሌላው የገንዘብ ስም ነው። በገለምሶ፣ በበደሳ፣ በሂርናና በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ በምትባለው ጭሮ፣ የተቀነጠሰ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ሲወጣ ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ ሾፌሩም የሚቆጥሩት ሰዓት ነው። የጠዋቱ ዋጋ ለማታ አይሆንም። ቅጠሉ ከጠወለገ ገዢው ፊቱን ያዞራል፤ ኪሳራው የባለ ጫቱ ነው።

ሰዓት መቁጠርን እንዲህ የተካነው ነጋዴ ግን ሌላ የሚጠወልግ ዕቃ ሲገጥመው ይዘናጋል። ይኸውም የውሃ ናሙና ነው። ሆቴል ሊከፍት፣ ጉድጓድ ሊያስቆፍር፣ በቦቴ ሊያከፋፍል ወይም ውሃ ሊያሽግ የተነሳ ባለሀብት ውሃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር እንዳለበት አይጠፋውም። የሚዘነጋው፣ ናሙናው ራሱ ሰዓት የሚቆጠርለት መሆኑን ነው። በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ሁለት ቀን መደርደሪያ ላይ ከርሞ፣ ለአዲስ አበባ መንገደኛ «አደራ» ተብሎ የሚሰጥ ውሃ ለምርመራ ገንዘብ ያስከፍላል እንጂ እውነቱን አይናገርም።

«ይኸው፣ እንደ መስተዋት!»

ጉድጓድ አስቆፍሮ ውሃ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ማስረጃው ብርጭቆ ነው። ይቀዳና ወደ ብርሃን አንስቶ «ይኸው፣ እንደ መስተዋት!» ይላል። ዓይን ግን የሚያየው ድፍርሱን ብቻ ነው። ከሰውና ከእንስሳት ዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አይታይም፣ አይሸትም። ፍሎራይድም ሆነ ናይትሬት በመቅመስ አይለዩም።

የቡና ነጋዴ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። የሐረርጌ ቡና በመልኩ ብቻ አይሸጥም፤ ናሙናው ተወስዶ፣ ተቆልቶ፣ ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ታዲያ ለቡናው ቅምሻ የሚጠየቅበት ገበያ፣ ቡናው ለሚፈላበት ውሃ ለምን በብርጭቆ ይዳኛል?

በብርጭቆ መዳኘት እንደማያዋጣ የሚያሳይ ማስረጃ በአገሪቱ አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በኢትዮጵያ ባስደረጉት የውሃ ጥራት ዳሰሳ፣ በባክቴሪያ ረገድ መለኪያውን ያለፈው ከከተማ ቧንቧ ውሃ 88 በመቶ ገደማ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ 68፣ በእጅ ተቆፍሮ ከለላ ከተሠራለት ጉድጓድ 55፣ ከለላ ካለው ምንጭ ደግሞ 43 በመቶ ያህል ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ሁሉ «የተሻሻለ» የሚባሉ የውሃ ተቋማት መሆናቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዓለም ባንክና ከሌሎች ጋር ያካሄደው ዳሰሳም፣ ቤት የገባ ውሃ ከምንጩ ይልቅ ይበልጥ የተበከለ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። በመካከሉ ያለው ጄሪካኑ፣ ሮቶው፣ ቦቴውና የሰው እጅ ነው። ለሆቴል ባለቤት ትርጉሙ ግልጽ ነው። የጉድጓዱ ወረቀት የሮቶው ወረቀት አይደለም።

ሁለት ናሙና፣ ሁለት ሰዓት

የውሃ ምርመራ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው የባክቴሪያ፣ ሁለተኛው የኬሚካል ነው። የሚቸኩለው የመጀመሪያው ነው።

በባክቴሪያ ምርመራ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ በሚያንስ ስስ ወንፊት ይጠለላል። ወንፊቱ የባክቴሪያ ምግብ በያዘ ሳህን ላይ ይቀመጥና 44 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ እንደ ዘዴው ከ14 እስከ 24 ሰዓት ያድራል። ባክቴሪያ ካለ ነጠብጣብ ሆኖ ይፈላል፤ ነጠብጣቡ ይቆጠራል። ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው ቁጥር ዜሮ ነው።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቧንቧው አፍ ጀምሮ ነው። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዞ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ካለፈ ባክቴሪያው ሊሞትም ሊራባም ይችላል፤ ውጤቱም የጉድጓዱ ሳይሆን የጉዞው ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን መሥራት ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከድሬዳዋ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከገለምሶ፣ ከበደሳና ከመቻራ የሚነሳ ናሙና መጀመሪያ ወደ ዋናው የአዲስ አበባ–ሐረር መንገድ መውጣት አለበት። ማለዳ የተቀዳ ውሃ አዲስ አበባ ሲደርስ የ6 ሰዓቱ ገደብ አልፏል ማለት ይቻላል። በበረዶ ካልተጓዘ የ24 ሰዓቱም አያድነውም። ዓርብ ከሰዓት ከደረሰ ደግሞ ቅዳሜ ሳህኑን የሚያነብለት ሰው ላያገኝ ይችላል። የጫት አይሱዙ ይህን መንገድ የሚፈተለከው በምክንያት ነው፤ ናሙናውም ምክንያት አለው።

መፍትሔው የሚቸኩለውን እዚያው መመርመር ነው። በሻንጣ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ የመስክ መመርመሪያ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። መብራት ቢጠፋም ሣጥኑ ሙቀቱን ይጠብቃል። የሠለጠነ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይህን ይዞ ሂርና ወይም ሚኤሶ ላይ የቀዳውን እዚያው ጠልሎ፣ በማግሥቱ ቁጥሩን ሊያነብ ይችላል።

አቀዳዱም ሥርዓት አለው። የባክቴሪያው ጠርሙስ በሙቀት ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት፤ ውስጡን ማለቅለቅ ክልክል ነው። የቧንቧው አፍ በእሳት ወይም በአልኮል ይጸዳል፤ ውሃው ለጥቂት ደቂቃ ይለቀቃል። ውሃው ክሎሪን የገባበት ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ቲዮሰልፌት ይጨመራል። አለበለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን እየገደለ ይጓዝና ቆሻሻውን ውሃ ንጹሕ ያስመስለዋል። በኬሚካሉ ናሙና ግን ተቃራኒው ነው፤ ጠርሙሱ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እስከ አፉ ይሞላል። ብረት ለመለካት የሚላከው ናይትሪክ አሲድ ካልተጨመረበት ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

ደጋውና ቆላው አንድ አይደለም

የኬሚካሉ ናሙና እንደ ባክቴሪያው አይቸኩልም። ቀዝቅዞና በአግባቡ ተይዞ አዲስ አበባ ቢሄድ ዋጋ አለው። ምን እንደሚጠየቅ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል፤ የምዕራብ ሐረርጌ መሬት አንድ ዓይነት አይደለምና።

ጭሮ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን ሚኤሶና አሰቦት ያሉበት ቆላ ወደ ስምጥ ሸለቆው ያዘነብላል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ መብዛቱ የታወቀ ነው። ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ሲጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ለአሥርት ዓመታት እንዲህ ዓይነት ውሃ የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እስከ መጎዳት መድረሱ በጥናት ተመዝግቧል። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። በቆላው መስመር የሚቆፈር ጉድጓድ ሁሉ ፍሎራይድ አለበት ማለት አይደለም፤ ሳይመረመር ግን የለበትም ማለት አይቻልም። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በሚኤሶ በኩል ስለሚያልፍ፣ በዚያ መሬት ለሚያማትር ኢንቨስተር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሐረርጌ ከፍታዎች የኖራ ድንጋይ ባለበት ደግሞ የውሃ ጥንካሬ ይጠበቃል። በአገሪቱ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ገደቡ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ነው። የጠነከረ ውሃ በሽታ አያመጣም፤ ኪስ ግን ያመናምናል። ሳሙና አይኮረፍበትም፤ የማኪያቶ ማሽኑና የሻወር ማሞቂያው ነጭ ቅራፊ ይጋግራል፤ ኤሌክትሪኩ ቅራፊውን ሲያሞቅ ይውላል። ብረት ከ0.3 ሚሊ ግራም ካለፈ የሆቴሉ አንሶላ ይበልዛል፤ ሻዩ ይጠቁራል። ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም ከበለጠ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሽንት ቤት፣ በረት ወይም ማዳበሪያ ወደ ጉድጓዱ እየሰረገ መሆኑን ይጠቁማል።

ውሉ ላይ ያልተጻፈ ገንዘብ

ነጋዴው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በቅደም ተከተል ነው። ቁፋሮው ያልቃል፣ ፓምፑ ይገዛል፣ ቧንቧው ይዘረጋል፣ ሮቶው ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ «እስቲ እናስመርምረው» ይባላል። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ቆፋሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ልምድ ያለው ባለሀብት ውሉን ሌላ መልክ ያስይዘዋል። ጉድጓዱ እንደተቆፈረ የሚወጣው ውሃ ጭቃና የቁፋሮ ርዝራዥ ያለበት ስለሆነ አይመረመርም። ፓምፑ ያለማቋረጥ ለረጅም ሰዓት ተሠርቶ የጉድጓዱ አቅም ሲለካ፣ በልኬቱ ማብቂያ ላይ ናሙናው በሁለቱ ወገኖች ፊት ይቀዳል፤ ይታሸጋል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፍበታል። የመጨረሻው ክፍያ ውጤቱ ሲመጣ ይለቀቃል። ፍሎራይድ ቢገኝ ቆፋሪው ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል፤ አሠሪው ግን ፓምፕና ቧንቧ ሳይገዛ ያውቃል። የምርመራው ዋጋ ከጉድጓዱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

በቦቴ ለሚያከፋፍልና ሮቶ ለሚጠቀም ደግሞ የየዕለቱ ምርመራ የክሎሪን ነው። አንዲት እንክብል በትንሽ ማሳያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትጨመራለች፤ ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙ ከመለኪያው ጋር ይነጻጸራል። ክሎሪን ከተጨመረ ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሊቀር ይገባል። ይህ ላቦራቶሪ አያሻውም፤ ሾፌሩም ሊማረው ይችላል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ዞን የተነሳው የኮሌራ ወረርሽኝ በተከታዩ ዓመት ወደ ሌሎች አካባቢዎች መዛመቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር ዓይን ፈጥኖ የሚያርፈው ምግብ ቤቱና የውሃ ቦቴው ላይ ነው። በዚያን ቀን የክሎሪን መዝገቡን የሚያሳይ ነጋዴና ምላሱን ብቻ የሚያሳይ ነጋዴ እኩል አይቆሙም።

የማን ወረቀት?

ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ለራስ ማወቂያ ከሆነ የመስክ መመርመሪያው ይበቃል። ውሃ አሽጎ ለመሸጥ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የታሸገ ውሃ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነው፤ አስገዳጅ የኢትዮጵያ ደረጃም አለበት። የምርመራና የሠርተፊኬት ሥራውን ከቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን የወረሰው በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። ሌላ ላቦራቶሪ የሚመርጥ ደንበኛ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ለዚህ ምርመራ አክሬዲቴሽን አላችሁ?» አክሬዲቴሽን ለሕንጻው ሁሉ አይሰጥም፤ ለእያንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ነው። ለብረት ያለው ላቦራቶሪ ለባክቴሪያ ላይኖረው ይችላል።

ክፍተቱ ገበያ ነው

በዞኑ ላቦራቶሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ሂርና ለእንስሳት በሽታ ምርመራ የቆመ ላቦራቶሪ አላት፤ የሐረርጌ ሰንጋ ደሙ ይመረመርለታል። ጭሮም የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆናለች። ታዲያ የሆቴሎቹን፣ የቆፋሪዎቹንና የቦቴዎቹን ናሙና በሰዓቱ የሚቀበል አነስተኛ የግል ላቦራቶሪ ያዋጣ ይሆን?

መነሻው ከባድ አይመስልም፤ ማሞቂያ ሣጥን፣ ማምከኛ፣ ማጥለያ፣ ፎቶሜትርና ሁለት ሙያተኛ ነው። ከባዱ የሚመጣው በኋላ ነው። ኬሚካሉ ከውጭ ይገባል፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ያልፋል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ገበያ መር ከሆነ ወዲህ ደግሞ ብዙ ብር ይጠይቃል። መሣሪያ ገዝቶ ኬሚካል ያጣ ላቦራቶሪ ነዳጅ ያጣ አይሱዙ ነው። ስለዚህ አዋጩ መንገድ በባክቴሪያና በክሎሪን መጀመር፣ ኬሚካሉን እየሰበሰቡ በበረዶ ሣጥን ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መላክ፣ ከደንበኞች ጋርም በየወሩ የሚታደስ ውል መያዝ ይመስላል። ምርመራ አንዴ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት አይደለም። የክረምት ጎርፍ ሲመጣ የበጋው ውጤት ያረጃል።

ሳይደርቅ በእርጥቡ ይላል አገሬው። የምዕራብ ሐረርጌ ነጋዴ ይህን ብሂል ለጫቱ ሲሠራበት ኖሯል። ጫት ሲጠወልግ የሚከስረው ባለ ጫቱ ብቻ ነው። የውሃ ናሙና ሲጠወልግ ግን የሚከስረው ከቧንቧው የሚጠጣው ሰው ሁሉ ነው፤ ከእነሱም መካከል የባለ ሆቴሉ ልጆች አሉበት።