የዓለም አቀፍ ግብር አማካሪ ሥራ ምንድን ነው?

ትምህርት ስንጨርስ ምን ለመሆን እንደምናስብ ስንጠየቅ፥ ብዙዎቻችን ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንላለን። የግብር አማካሪ እሆናለሁ የሚል ግን ከክፍላችን አንድም አልሰማሁም። እኔ ይህን ሙያ ስለ መረጥሁ፥ ምን እንደ ሆነ ለጓደኞቼና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

አንድ ኩባንያ በአንድ አገር ተቋቁሞ በሌላ አገር ሠርቶ 100 ብር አተረፈ እንበል። ትርፉ የተገኘበት አገር 30 ብር ግብር ይወስዳል፤ ኩባንያው የተቋቋመበትም አገር በበኩሉ 25 ብር ይጠይቃል። እንግዲህ ለባለቤቱ የሚቀረው 45 ብር ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ከአገር አገር ለመነገድ የሚደፍር ጥቂት ነው። ስለዚህ መንግሥታት በአንድ ትርፍ ላይ ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈል ይዋዋላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለዚህ የሚሆን የውል ናሙና እ.ኤ.አ. በ1980 አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም በ2011 ከብሪታንያ ጋር ተዋውላለች። እንዲህ ባለው ውል በውጭ የተከፈለው 30 ብር በአገር ቤት ለሚፈለገው 25 ብር ቢታሰብለት፥ ባለቤቱ 70 ብር ይቀርለታል። አማካሪው የሁለቱን አገሮች ሕግና ውሉን መርምሮ ይህን መብት ያስረዳዋል።

ነገር ግን ይኸው ዕውቀት ለክፉም ይውላል። ሁለት ኩባንያዎች የአንድ ባለቤት ቢሆኑ፥ ግብር በከበደበት አገር ያለው 100 ብር የሚያወጣውን ቡና ግብር በቀለለበት አገር ላለው እኅት ኩባንያ በ80 ብር ሊሸጥ ይችላል። በዚህ ዘዴ የ20 ብር ትርፍ ድንበር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ቡናው የበቀለበት አገር ግን ግብሩን ያጣል። ሕጉ ዋጋው የማይዛመዱ ነጋዴዎች የሚገበያዩበት ይሁን ይላል። ሆኖም ትክክለኛውን ዋጋ የሚያውቅ ባለሙያ በመንግሥት በኩል ከሌለ ሕጉ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ130 የሚበልጡ አገሮች፥ ታላላቅ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ የተስማሙት ትርፍን እንዲህ ማሸሽ ስለ በዛ ነው።

ለዚህ ሥራ የሒሳብ አያያዝ፥ ሕግና የውጭ አገር ቋንቋ ያስፈልጋል። ሕጉ በየጊዜው ስለሚለወጥም ትምህርቱ አያልቅም።

የኩባንያዎች አማካሪ ደመወዙ ከመንግሥት ሠራተኛ እንደሚበልጥ አባቴ ነግሮኛል። እኔ ግን መጀመሪያ በግብር ሰብሳቢው በኩል ለመቀመጥ አስባለሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚሠራው፥ የመምህራንም ደመወዝ የሚከፈለው ከዚሁ ግብር ነውና። ከጓደኞቼም መካከል ሒሳብና ሕግ የሚወድ ቢኖር፥ ይህን ሙያ እንዲያስብበት እመክራለሁ።