ያለጊዜው የሚታይ ደም፦ ትክክለኛውን የማህፀን ካንሰር ሐኪም እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ወር አበባ ሳይደርስ የሚመጣ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ መጥፎ ሽታ ያለውና የማይቆም ፈሳሽ፣ ወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈ በኋላ ጠብ የሚል ደም። በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ እህቶቻችን እነዚህን ምልክቶች የድካም ወይም የብርድ ነው እያሉ በፓናዶል ያልፏቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ካንሰር አይደለም፤ ማዮማ፣ ኢንፌክሽን ወይም የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከምልክቱ ብቻ መለየት አይቻልም። የማህፀን በር ካንሰር ደግሞ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው፤ በጊዜ ከተገኘ ይድናል።

የመጀመሪያው በር በየክሊኒኩ «ኒሳእ ወ ዊላዳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል ነው። እዚያ ያለው ሐኪም የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነው፤ ያዋልዳል፣ ማዮማ ያወጣል፣ የመጀመሪያውን ምርመራም ያደርጋል። ካንሰር ከተጠረጠረ ወይም ከተገኘ ግን ሌላ ሐኪም ያስፈልጋል። ይህ ሐኪም ማህፀንና ጽንስ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት የሴቶችን ካንሰር ብቻ ያጠና ነው፤ በአረብኛ «ኢስቲሻሪ አውራም ኒሳኢያ» ይባላል። ሪፈር ስትጻፉ ይህ ቃል ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ሪፈሩ ራሱ «ተህዊል» ነው።

ልዩነቱ የማዕረግ ብቻ አይደለም። በእንቁልጢ ካንሰር ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚህ ዘርፍ በሠለጠነ ሐኪም የታከሙ ሴቶች የተሻለ ዕድሜ አላቸው፤ ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን ከሆድ ውስጥ አንድም ሳይቀር ለማውጣት የሚጥር ስለሆነ። በማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስህተት ምርመራው ሳያልቅ ማህፀኑን ማውጣት ነው። «ደሙ እንዲቆም ማህፀንሽን እናውጣው» ከተባላችሁ መጀመሪያ «ኸዝዓ» ተወስዷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኸዝዓ ከማህፀን በር ላይ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ምርመራ፣ እኛ ባዮፕሲ የምንለው ነው። ውጤቱ ካንሰር ከሆነ የተለመደው ማህፀን የማውጣት ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ በሽታው ከፍ ካለ ደግሞ ሕክምናው ቢላዋ ሳይሆን ጨረርና ኬሞ ነው። ገና ጅምር ላይ የተገኘ ካንሰር ከሆነና መውለድ የምትፈልጉ ከሆነ ማህፀኑን ሳያወጡ ማከም የሚቻልበት መንገድ አለ። ይህን ግን ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል።

አንድ ብዙ የማይወራ ነገር አለ። እዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ «ሙተዘወጃ?» ይላል፤ አግብተሻል ወይ ማለቱ ነው። «አይ» ካላችሁ በብዙ ቦታ የውስጥ ምርመራው ይቀርና በሆድ ላይ አልትራሳውንድ ብቻ ይደረጋል። የማህፀን በር ካንሰር ጅምሩ ላይ በአልትራሳውንድ አይታይም። አገር ቤት ልጅ ያላችሁ እህቶች «ዒንዲ አውላድ» ማለት ይበቃችኋል፤ ልጆች አሉኝ ማለት ነው። ምርመራው በሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ ባለችበት እንዲሆን መጠየቅ መብታችሁ ነው። በልጅነታችሁ ተገርዛችሁ ከነበረ፣ በተለይም ተሰፍታችሁ ከነበረ፣ ከመጀመሩ በፊት ንገሩ፤ ሐኪሟ ትንሽ መሣሪያ መርጣ ቀስ ብላ ትሠራለች። ማዳም አስተርጓሚ ሆና መግባቷ ካላመቻችሁ ለነርሷ ንገሯት። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ያቀርባሉ፤ አማርኛ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስፔሻሊስቱ ጋ ስትደርሱ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በዓመት እንዲህ ዓይነት ስንት ሰው ታክማለህ? የእኔ ጉዳይ የቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረሩና የኬሞው ሐኪም በጋራ በሚወያዩበት ስብሰባ ይቀርባል? የጨረር ሕክምና እዚሁ አለ ወይስ ሌላ ቦታ ነው? በቅንነት የሚሠራ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። ከተቆጣ ሌላ ፈልጉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈቃድ ላይ «ስፔሻሊስት» እና «ኮንሰልታንት» የሚሉ ደረጃዎች አሉ፤ ከፍተኛው ኮንሰልታንት ነው። የክሊኒኩ ማስታወቂያ ሳይሆን ፈቃዱ ይታመናል፤ በዱባይ የጤና ባለሥልጣኑ፣ በሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽኑ የሐኪሞችን ፈቃድ ይመዘግባሉ። ሁሉንም ዓይነት ሕክምና በአንድ ቦታ የያዙ የመንግሥት ማዕከላትም አሉ፦ በአል ዐይን ታዋም ሆስፒታል፣ በሪያድ ንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል፣ በኩዌት የካንሰር መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በዶሃ የካንሰር ክብካቤና ምርምር ብሔራዊ ማዕከል።

ገንዘቡስ? በዱባይ ኢንሹራንስ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው። መሠረታዊው ኢንሹራንስ ያላቸው ሰዎች የጡት፣ የማህፀን በርና የትልቁ አንጀት ካንሰር ቢገኝባቸው «በስማ» በሚባለው ፕሮግራም ሕክምናቸው ይሸፈናል፤ ሆስፒታሉ እንዲያስመዘግባችሁ ጠይቁ። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ጀምሮ በሻርጃ፣ በአጅማንና በቀሩት የሰሜን ኤምሬቶችም የቤት ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ በዓመት 320 ድርሃም የሚከፈልበት ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል። ይህን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከደመወዛችሁ መቆረጥ የለበትም። በሳዑዲ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ወዲህ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለው አሠሪ ኢንሹራንስ የማስገባት ግዴታ አለበት። የኢንሹራንስ ካርዳችሁ በማዳም እጅ ከሆነ ቢያንስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

«ካንሰር ከተገኘብኝ ይልኩኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን አፍ ያዘጋል። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው እንደ ኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን ነው፤ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አሠሪ ውል ሊያቋርጥ አይችልም ማለት ግን አይደለም። በኤምሬትስ ሕግ የሕመም ፈቃዱ በዓመት 30 ቀን ነው፣ 15ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ ቀሪው 15 ያለ ደመወዝ። ጨረር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሰጣል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ ስምምነቱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

እዚህ ልታከም ወይስ አገሬ ልግባ የሚለውም መወሰን ያለበት በዚያው ጊዜ ነው። ለማህፀን በር ካንሰር ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ ሲሰጡ ጠቅላላው በ8 ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፤ መሃል ላይ ሲቋረጥ በሽታው ጊዜ ያገኛል። ኢቃማችሁ በወር ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ወይም አሠሪው ቲኬት ቆርጦ እየጠበቀ ከሆነ፣ እዚህ ሦስት ሳምንት ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ከመቀጠል ሙሉውን አገር ቤት መጀመር ይሻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም ጀምረዋል። የሴቶች ካንሰር ቀዶ ሐኪሞችም በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። የጨረር ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ቤተሰብ ሄዶ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «ተቅሪር» የሚባለውን የሐኪም ሪፖርት በእንግሊዝኛ፣ የባዮፕሲውን ውጤት፣ የኤምአርአይና የሲቲ ስካኑን ሲዲ ተቀበሉ። ከሁሉ በላይ ላቦራቶሪው ያስቀመጠውን የናሙናውን ስላይድና ብሎክ ጠይቁ። ብሎክ በሰም ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ነው፤ አገር ቤት ያለው ሐኪም ውጤቱን እንደገና ማየት ሲፈልግ ሌላ ባዮፕሲ ከመውሰድ ያድናችኋል። ላቦራቶሪው በጥያቄ ይሰጣል፤ ለማዘጋጀት ቀናት ስለሚወስድ ከበረራው ሳምንት ቀደም ብላችሁ አመልክቱ። ሰነዶቹ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይያዙ።