ኮንሶሉ ሲጠቁር

«ሰርቨሩ ሞቷል» ተብሎ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ፒንግ ይመልስ እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ይመልሳል፤ በኤስኤስኤችም ያስገባል። የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። ዳታቤዝ የተሸከመን ቨርቹዋል ማሽን ስክሪኑ ስለጠቆረ ብቻ በግድ ማጥፋት በደህናው ዳታ ላይ መፍረድ ነው፤ እባካችሁ አትቸኩሉ።

ሊኑክስ ሲነሳ ስክሪኑን መጀመሪያ የሚይዘው ቡትሎደሩ ግረብ ነው። ቀጥሎ ከርነሉ ይረከብና በራሱ የግራፊክስ ድራይቨር ሞዱን ይቀይራል። ድራይቨሩና ሃይፐርቫይዘሩ ያቀረበው የቪዲዮ ካርድ ካልተግባቡ ምስሉ እዚያው ርክክቡ ላይ ይቀራል። ያኔ ግረብ ሜኑ ላይ «ኢ»ን ተጭኜ፣ «ሊኑክስ» ብሎ ከሚጀምረው መስመር መጨረሻ የከርነሉን የሞድ ቅየራ የሚያግደውን «ኖሞድሴት» እጨምራለሁ፤ መልእክቶቹን የሚደብቀውን «ኳየት» አጠፋለሁ፤ በኮንትሮል ኤክስ አስነሳለሁ። ለውጡ ለዚያ ማስነሳት ብቻ ስለሆነ ያለ ስጋት ይሞከራል። ከሠራ በግረብ የዲፎልት ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ከዚያ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «አፕዴት-ግረብ» ካልተባለ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለሰርቨር ግን ኖሞድሴት አይበቃኝም። ሰርቨር ምስል ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው ጽሑፍ ነው፣ ለዚህም ሲሪያል ኮንሶል አለ። በከርነሉ መስመር ላይ «ኮንሶል=ቲቲዋይ0» ቀጥሎም «ኮንሶል=ቲቲዋይኤስ0,115200» ብሎ መጻፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፦ የከርነሉ መልእክት ወደ ሁለቱም ይሄዳል፤ ዋናው ኮንሶል የሚሆነው ግን መጨረሻ የተጻፈው ነው። ሰርቪሶች ሲነሱ የሚታየው ዝርዝር የሚወጣው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ ይህን ያላወቀ ሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ማሽኑ ተንጠልጥሏል ይላል። የግረብ ሜኑ ራሱ በሲሪያል እንዲታይ ደግሞ «ግረብ ተርሚናል» የሚለው መስመር ለብቻው መስተካከል አለበት፤ የከርነሉ መቼት እሱን አይነካውም።

ሃይፐርቫይዘሩ ኬቪኤም ከሆነ ከዚያ በኋላ «ቨርሽ ኮንሶል» ብሎ መግባት ነው። ኢንተርኔቱ በደከመበት ሰዓት የምስል መስኮቱ ሲንተፋተፍ ጽሑፉ ይደርሳል። ከርነሉ ፓኒክ ቢያደርግም ሙሉ መልእክቱን ኮፒ አድርጎ መላክ ይቻላል፤ በስልክ ፎቶ የተነሳ ግማሽ ስክሪን ይዞ መመራመር ይቀራል።

እነዚህን መስመሮች አሁን አዳዲስ ማሽኖች በሚባዙበት ቴምፕሌት ውስጥ አስገብቻለሁ። ማንኛውም ማሽን ለተጠቃሚ ከመሰጠቱ በፊትም አንዴ ሪስታርት ተደርጎ፣ ከግረብ ሜኑ እስከ ሎጊን ድረስ በሲሪያል መታየቱ ይረጋገጣል።