በጀልባ ላይ ስለሚገኝ የጋዝ ምድጃ አያያዝና አጠባበቅ

የጋዝ ምድጃ በከተማ ቤቶች ዘንድ የታወቀ ዕቃ ስለ ሆነ ስለ ጠቅላላ አሠራሩ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን ይኸው ምድጃ በጀልባ ውስጥ ሲተከል ጠባዩ የተለወጠ ያህል ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ቦዮችና በአውሮፓ ወደቦች ብዙ ሰዎች በጀልባ ውስጥ ያድራሉ፤ አንዳንዶቹም ዓመቱን በሙሉ መኖሪያቸው እዚያው ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ምግባቸውን የሚያበስሉት በሲሊንደር በሚመጣው ቡታን ወይም ፕሮፔን በሚባለው ጋዝ ነው። የዚህን ምድጃ አጠባበቅ ማወቅ ለባሕር ሰዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በጠባብና በተዘጋ ክፍል እሳት የሚያነድ ሁሉ የሚያገኘው ትምህርት አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ የጋዙን ጠባይ መረዳት ይገባል። ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ በግፊት ተጨምቆ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲለቀቅ ግን 250 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡታን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ያመለጠ ጋዝ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ። ጀልባ ደግሞ ውኃ እንዳይገባበት ሆኖ የተሠራ ነውና፣ ውኃውን ከውጭ የሚከለክለው ግድግዳ ጋዙን ከውስጥ ይይዘዋል። (የጣና የደንገል ታንኳ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ ውኃውም ጋዙም ያልፍባታልና።) ጋዙ ከወለሉ ሥር በጀልባው ሆድ ተኝቶ ይቆያል፤ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲደርስ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የበሰበሰ ጎመን የሚመስል ሽታ ያለው ቅመም ይጨመርበታል። ዳሩ ግን ሽታውም ከጋዙ ጋር ስለሚወርድ ቆሞ ከሚሠራ ሰው አፍንጫ በጊዜው ላይደርስ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ የሲሊንደሩ ቦታ ከመኝታውና ከማብሰያው ክፍል ውጭ በተለየ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ሣጥኑ ወደ ጀልባው ውስጥ ምንም ቀዳዳ የሌለው፣ የሚከፈተውም ከላይ ብቻ የሆነ ነው። ከግርጌው ግን ወደ ውጭ የሚያፈስስ፣ አፉ ከውኃው ወለል በላይ የሆነ ቱቦ ይኖረዋል፤ ጋዝ ቢያመልጥ በዚያ በኩል ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሣጥን የገመድና የጨርቅ ማስቀመጫ ያደርገዋል፤ ጨርቁም የቱቦውን አፍ ሲደፍነው የሣጥኑ ጥቅም ይቀራል። በየጊዜው አንድ ጣሳ ውኃ በሣጥኑ ውስጥ አፍስሶ በቱቦው መውጣቱን ማየት ቀላል ፈተና ነው። ሲሊንደሩም ቀጥ ብሎ ቆሞ መታሰር አለበት፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ሬጉሌተር ወደሚባለው የግፊት መቀነሻ ገብቶ ነበልባሉን ከልክ በላይ ያደርገዋል።

በባሕር የሚሄድ ጀልባ በማዕበል ወደ ጎን ስለሚያዘነብል፣ ድስቱ እንዳይገለበጥ ምድጃው ከግራና ከቀኝ ተንጠልጥሎ እንደ ሚዛን እንዲወዛወዝ ይደረጋል። ይህ ብልሃት ለድስቱ ደግ ቢሆንም ለጎማው መከራ ነው፤ ምድጃው በተወዛወዘ ቁጥር ከኋላው ያለው የጋዝ ጎማ ይታጠፋል፣ ከግድግዳውም ጋር ይፋተጋል። በጥገና ጊዜ አስቀድሞ መታየት ያለበትም እርሱ ነው። በእጅ አጠፍ አድርገው ሲያዩት የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ወይም የተላጠ ከሆነ በማጣበቂያ መጠገን ፈጽሞ አይገባም፤ በአዲስ መለወጥ ነው። ደኅና ቢመስልም እንኳ ሠሪው የወሰነለት ዘመን ካለፈ መለወጥ ይገባል። መጋጠሚያዎቹን ለመመርመር የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይቀባል፤ ጋዝ የሚያፈስስ ከሆነ አረፋው እያበጠ ይወጣል። ከፈተናውም በኋላ ሳሙናው ናሱን እንዳይበላው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በክብሪት መፈተን ግን የሞኝ ሥራ ነው።

ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊና የረጋ ነው። ቢጫ ሆኖ የሚወላገድ፣ የድስቱንም ቂጥ በጥላሸት የሚያጠቁር ከሆነ አየር አላገኘም ማለት ነው። በጀልባ ላይ የዚህ ዋና ምክንያት የባሕር ጨው፣ ዝገትና የምግብ ቅባት የምድጃውን ቀዳዳዎች መድፈናቸው ነው። ክብ ራሱን አውልቆ በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ አድርቆም በቦታው ማስቀመጥ ይበቃል። ጋዙ የሚረጭበትን ጠባብ ቀዳዳ ግን በሽቦ መጎርጎር አይገባም፤ ሽቦው ያሰፋውና ጋዙ ከልክ በላይ ይፈስሳል።

በብዙ ምድጃዎች ከነበልባሉ አጠገብ ቴርሞካፕል የሚባል ትንሽ ዘንግ አለ። እርሱ በሞቀ ጊዜ ጥቂት ኤሌክትሪክ አመንጭቶ የጋዙን በር ክፍት አድርጎ ይይዛል፤ ነፋስ እሳቱን ቢያጠፋው ዘንጉ ይቀዘቅዝና በሩ ይዘጋል። ቁልፉን ሲለቁት እሳቱ የሚጠፋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የዘንጉ ጫፍ ቆሽሿል፣ ወይም ከነበልባሉ ርቋል። ጫፉን ጠርጎ ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ካልሆነም መለወጥ። ቁልፉን በገመድ አስሮ ማብሰል ጠባቂን አስሮ በር እንደ መክፈት ነው። ከዚህ ያለፈውን፣ ማለት የቧንቧውን፣ የቫልቩንና የሬጉሌተሩን ሥራ፣ ለሠለጠነ ባለሙያ መተው ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ በደንብ ካልተቃጠለ ጋዝ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ አየር ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለውም እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ዊትቢ በሚባል ወደብ፣ ጥር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ኤሽኮል በምትባል የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በመኝታቸው ሞተው ተገኙ። ምርመራው እንዳስረዳው፣ የክረምቱን ብርድ ለመከላከል የቡታን ምድጃውን መጥበሻ አንድደው ነበር፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም የወጣው ከዚያው ነው። የሚያነቃቸው የማስጠንቀቂያ ደወል አልነበራቸውም። ምድጃ የተሠራው ለማብሰል እንጂ ክፍል ለማሞቅ አይደለም። በዚያው አገር ቦዮችና ወንዞች ከመጋቢት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ መኖሪያ ክፍል ያላቸው ጀልባዎች ይህን ደወል እንዲይዙ በደኅንነት ደንብ ተወስኗል። ሆኖም ደወሉ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎችን ክፍት ማድረግን አይተካም፤ ብርድ ሲመጣ እነዚህን በጨርቅ የሚወትፍ ሰው ጥቂት አይደለም።

አብስለው ሲጨርሱ መጀመሪያ የሲሊንደሩን መዝጊያ መዝጋት፣ በቧንቧው የቀረው ጋዝ ተቃጥሎ ሲያልቅም የምድጃውን ቁልፍ መዝጋት ጥሩ ልማድ ነው። የጋዝ ሽታ በተሰማ ጊዜ እሳትና ሲጋራ ይጠፋሉ፤ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋል፤ መስኮትና በር ሁሉ ይከፈታል፤ ሰዎችም ከጀልባው ይወርዳሉ። የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ሞተርም ሆነ የኤሌክትሪክ የውኃ መምጠጫ አይነካም፤ ብልጭታው ከዚያ ሊመጣ ይችላልና። በጀልባው ሆድ የተኛው ጋዝ በእጅ በሚሠራ መምጠጫ ሊወጣ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው። ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላም ቢሆን ያመለጠበት ስፍራ ተገኝቶ እስኪጠገን ድረስ ሲሊንደሩ እንደ ተዘጋ ይቆያል።