ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ልጅዎ ይማር

ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓትና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትመላለስ ቆየች። ያ ቁስል ሳይሽር በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሣ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ከአራት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የእርስዎም ልጅ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ።

መጀመሪያ ምን ላስተምረው? ንባብ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ ገና ፊደል እየለየ ስለሆነ ሳያነብ ከከረመ ይጠፋበታል። ማንበብ የጸናበት ልጅ ግን ሌላውን ትምህርት በኋላ ይደርስበታል። ስለዚህ ሁሉንም መጽሐፍ ለመሸፈን አይጨነቁ። በየቀኑ ጥቂት ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ያነበበውን ይጻፍ፣ ጥቂት ሒሳብ ይሥራ።

እኔ ራሴ አልተማርኩም፤ ማን ያስተምርልኛል? ላሊበላ ባለችበት ላስታ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው አይታጣም። 10ኛ ክፍል የደረሰች የጎረቤት ልጅ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም የኔታ ሊሆኑ ይችላሉ። የቄስ ትምህርት ቤት አሠራር ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይመቻል። አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ቀደም ያለው ዳዊት ደርሷል፤ ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር ናቸው። የኔታ ሁሉንም ብቻቸውን አያስተምሩም። የበሰለው ጀማሪውን ያስቆጥራል፣ እሳቸው እየተዘዋወሩ ያርማሉ። እርስዎም የጎረቤት ልጆችን በዚሁ መንገድ፣ ዕድሜያቸው ቢለያይም፣ አንድ ላይ ሊያስጠኑ ይችላሉ። መጽሐፉ አንድ ብቻ ከሆነ በየተራ ይገልብጡት።

ወጪውስ? ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ ሰሌዳ ከሌለ ከሰልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይበቃል። ከባዱ ወጪ የልጁ ጊዜ ነው። ከብት የሚጠብቀው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ በኅዳር አጨዳ የሚያግዘው እሱ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ከብቱ ከመሰማራቱ በፊት ያድርጉት፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሴት ልጅዎን በተለይ አደራ እላለሁ። ትምህርት ሲቋረጥ የጋብቻ ጥያቄ ቶሎ ይመጣል። ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን ይከለክላል፤ እርስዎም እምቢ ይበሉ።

የት ይሰብሰቡ? ወታደር ወይም ታጣቂ ካለበት ግቢ ይራቁ። ሜዳ ላይ ያገኙትን ባዕድ ብረት እንዳይነኩ፣ እንዳይወረውሩም ደጋግመው ይንገሯቸው። ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊሆን ይችላል።

ቤት የተማረው ክፍል ይቆጠርለታል? በራሱ አይቆጠርም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ርእሰ መምህሩን የምደባ ፈተና ይጠይቁ፤ ይህ ልጁ የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚለይ ፈተና ነው። ብዙ ዓመት ላመለጣቸው ደግሞ የተፋጠነ ትምህርት የሚባል አለ። በኢትዮጵያ ከዐሥር ዓመት በላይ የተሠራበት ስፒድ ስኩል የተባለው ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር አስጨርሶ ልጁን ወደ መደበኛው ክፍል ይመልሳል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ያለ ትምህርት ቤት ምዝገባ አይሆንም፤ የሚመዘግበው ትምህርት ቤት የት እንደሚገኝ አስቀድመው ያጣሩ።

የልጁን የትምህርት ቤት ካርድና የልደት ማስረጃ ዛሬውኑ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ቤት ጥለው ቢወጡ በቶሎ ሊያነሡት በሚችሉበት ቦታ ያኑሩት።