የአእምሮ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ

የሐዴራ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች፣

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጃችሁ በከተማችሁ አቅራቢያ ካለው ከሻዓር ምናሼ ሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ፣ ከጎረቤት ሸሽጋችሁ ብቻችሁን አታስታምሙት። ሕመም እንጂ ነውር አይደለም። በ2000 በጸደቀው ሕግ መሠረት «ሳል ሺኩም» የተባለ የማቋቋሚያ አገልግሎት አለ፤ ታማሚው እንደ ፍላጎቱ የመኖሪያ፣ የሥራና የትምህርት ድጋፍ ያገኝበታል። መብቱም 18 ዓመት ለሞላውና ቢቱዋህ ለኡሚ ቢያንስ 40 በመቶ የአእምሮ ጉዳተኝነት ላጸደቀለት ሰው ነው። ማመልከቻው በእርሱ ወይም በሕጋዊ ሞግዚቱ ፈቃድ ለአካባቢው ኮሚቴ ይቀርባል። ሕክምናውን ግን ከጁላይ 2015 ወዲህ የምትሰጠው ቁፓት ሆሊም ናት።

በሐኪም ፊት ትንሹን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የሚያፍርበትን ቃል ይዘልለዋልና። አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ ጠይቁ።