አረንጓዴ ሻይና የባሌ ደጋ ቅጠሎች፤ ስለ ጤና የሚነገረውና የተረጋገጠው

በሮቤና በጎባ ከተሞች ሻይ የማይሸጥበት ሱቅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፣ ጎባም ከዚያ ከፍ ብላ 2,700 ሜትር ያህል ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ የጧትና የማታው ብርድ ትኩስ መጠጥን የግድ ያደርገዋል። የሚፈላውም አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ሻይ ነው፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል፤ ስኳሩም አይሠሠትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን «አረንጓዴው ሻይ አላችሁ ወይ?» የሚል ደንበኛ በየከተማው ሱቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። የሚጠይቀውም ጣዕሙን ፈልጎ ሳይሆን፣ ውፍረት ይቀንሳል፣ የደም ግፊት ያወርዳል፣ የስኳር በሽታ ያድናል ሲባል ሰምቶ ነው። እንግዲህ ባለ ሱቁ ከሂሳቡ በፊት የሚሰጠው መልስ በሰው ጤና ላይ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ነገሩን በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ይገባዋል።

አረንጓዴና ጥቁር ሻይ ከሁለት ተክሎች የሚገኙ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ከአንድ ተክል የሚለቀሙ ቅጠሎች ናቸው፤ በውሽውሽና በጉማሮ እርሻዎች የሚለማውም ይኸው ተክል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከለቀማው በኋላ ነው። ጥቁሩን ለማዘጋጀት ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይጨፈለቃል፣ ከዚያም አየር እያገኘው እስኪጠቁር ይቆያል። አረንጓዴውን ለማዘጋጀት ግን ጃፓኖች በእንፋሎት፣ ቻይናውያን በጋለ ብረት ምጣድ ወዲያው ያሞቁታል፤ ሙቀቱም መጥቆሩን ይገታዋል። ካቴኪን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት ሳይለወጡ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ አረንጓዴ ሻይ የሚነገረው አብዛኛው ውዳሴም የተመሠረተው በእነርሱ ላይ ነው።

ውዳሴው ፈጽሞ መሠረተ ቢስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመው የኦሳኪ ጥናት 40,530 ጃፓናውያንን ለዓመታት ተከታትሎ፣ በቀን 5 ስኒና ከዚያም በላይ የሚጠጡት ከ1 ስኒ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚሞቱት አነስተኛ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አላየም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ክትትል ጥቅሙ ከሻዩ ብቻ የመጣ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ሻይ አዘውታሪው በአመጋገቡም በኑሮውም ከሌላው የተለየ ሊሆን ይችላልና። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ አረንጓዴ ሻይ የልብ በሽታን ይቀንሳል የሚል ጽሑፍ በዕቃው ላይ እንዲለጠፍ የቀረበለትን ጥያቄ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ አልተቀበለውም። ስለ ውፍረትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2012 የኮክሬን ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ ሙከራዎችን መርምረው፣ የሚቀንሰው ክብደት እጅግ ጥቂት፣ ለሕክምናም ቁም ነገር የማይሆን መሆኑን አስታውቀዋል። ጎጂ ቅባት በደም ውስጥ በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ። እንግዲህ ለደንበኛው በእውነት ሊነገረው የሚችለው፣ ያለ ስኳር ሲጠጣ ደኅና መጠጥ ነው የሚል ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ስለ ጤና የሚጠጣ ሰው ግን ገንዘቡን ለሻዩ ሳይሆን ለስኳሩ ከፍሏል ማለት ይቻላል።

ከጥቅሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥንቃቄው ነው። ሻይ፣ አረንጓዴም ሆነ ጥቁር፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። ሥጋ በየቀኑ ለማይቀርብበት፣ እንጀራ በሽሮ ለሚበላበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይልቁንም ደም ላነሳቸው ሰዎች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት። ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል አቆይቶ መጠጣት ጉዳቱን ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሮች በውስጡ ካፌይን መኖሩንም ማሰብ አለባቸው።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደው ደንበኛ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጃፓን በ10 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ አረንጓዴ ሻይ ናዶሎል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ በእጅጉ አግዶት ተገኝቷል። ሻዩ ግፊቴን ያወርድልኛል ብሎ በመድኃኒቱ ላይ የሚደርብ ሰው የመድኃኒቱን ኃይል ሊያጣ ይችላል፤ በመድኃኒቱ ፋንታ ሻይ የሚጠጣ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር ያገኘዋል። «ሐኪምህን ጠይቅ» ብሎ የሚመልስ ባለ ሱቅ አንድ ፓኮ ሻይ ሳይሸጥ ይቀር ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን አያጣም።

በእንክብል ተጨምቆ የሚመጣው የአረንጓዴ ሻይ ቅመም ከሚፈላው ቅጠል ጋር ሊቈጠር አይገባም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው አስተያየት፣ የሚፈላው ሻይ በጠቅላላው የማያሠጋ መሆኑን ሲገልጽ፣ ዋነኛውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ ግን በጉበት ላይ የመጐዳት ምልክት እንደሚያስከትል አመልክቷል። አስመጪዎች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ስለ አፈላሉ የባሌ ደጋ አንድ ተፈጥሯዊ ዕድል አለው። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው፣ በሮቤ ውኃ የሚፈላው በ92፣ በጎባም በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። አረንጓዴ ሻይ በጣም በፈላ ውኃ ሲዘፈዘፍ ይመራል፤ የሚስማማው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነውና፣ በጎባ ጀበናው ወይም ማንቆርቆሪያው ከእሳት ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ቢያርፍ ይበቃል። መጠጡም በጣም ሳይግል ቢቀመስ ይመረጣል፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥን ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ምናልባት መንሥኤ ከሚሆኑት መድቦታልና። በሱቅ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴው ከጥቁሩ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ብርሃን፣ እርጥበትና ሽታ ጠላቶቹ ናቸው። ከሳሙናና ከበርበሬ አጠገብ የተቀመጠ ሻይ የእነርሱን ሽታ ይዞ ይሸጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የባሌ ነጋዴ ወደ ራሱ አገር ቅጠል ማየቱ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ጦስኝ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚበቅል፣ በዲንሾና በጎባ ዙሪያ ባለው ሜዳ መሬት ይዞ የሚታይ ቅጠል ሲሆን፣ ደርቆ እንደ ሻይ ይፈላል። ካፌይን የለውም፤ መዓዛውንም የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች ናቸው። ሕዝቡ ለሳልና ለጉንፋን ይጠጣዋል።

ሁለተኛው የቡና ቅጠል ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሳኔቲን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በሐረና ደን ውስጥ ያልፋል፤ በዚያም ቡና ከዛፎች ሥር ራሱ በቅሎ ይገኛል። በሐረርጌ ኩቲ ተብሎ ቅጠሉ ሲፈላ የኖረው ይኸው ቡና ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የቡና ቅጠል መጠጥን ከሌላ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ አድርጎ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ ኢትዮጵያም መጠጡ ለረጅም ዘመን ከተለመደባቸው አገሮች ውስጥ ተጠቅሳለች። ላኪው ግን ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። በአውሮፓ ያልተፈቀደ የጤና ቃል በፓኮ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ስለዚህ «ያድናል» የምትለው አንዲት ቃል ጭነቱን በወደብ ልታስቀረው ትችላለች። ደግሞም ቅጠሉ ያለ ልክ የተገፈፈ ዛፍ ፍሬው ይቀንሳል፤ ቡናው ሲገረዝ የሚወድቀውን ቅጠል መሰብሰብ ይሻላል።

በጦስኝ ላይ ያለው አደጋ ከዚህ የባሰ ነው፤ ለቃሚው ቸኩሎ ከነሥሩ ይነቅለዋልና። በማጭድ ከላይ የታጨደው በሚቀጥለው ዝናም ተመልሶ ያቈጠቍጣል፤ የተነቀለው ግን ቦታውን ባዶ ያስቀራል። በሮቤ ገበያ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ፈትቶ እጁን ወደ ታች ቢሰድድ፣ ሥርና አፈር ማግኘት አለማግኘቱ ነገሩን ይነግረዋል፤ ሥር ያለበትን ጆንያ በቀነሰ ዋጋ መግዛት ወይም መተው የእርሱ ፈንታ ነው።